ከግድግዳው የተጠጋው ጎን

ሻጩ የማይነሳውን ሞተር ሳይክል ቀኝ ጎኑን ከግድግዳ አስጠግቶ አቁሞታል። ሸሚዙ በወጉ የተተኮሰ ነው፤ ቀኝ እጁን ግን ከኪሱ አያወጣም።

«ምን ይጀነናል!» አለ በሆዱ፣ ሊገዛ የመጣው መካኒክ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታና ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፍኖ የማስነሻውን መርገጫ ረገጠ። ጣቱን የሚገፋ ትንፋሽ አጣ።

«ሞቷል እኮ ይሄ!»

«ቆሞ ስለከረመ ነው፤ ባትሪው ይሆናል» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ።

መካኒኩ ዋጋ የሚያስወርደው በማጣጣል ነው። ሞተሩን ጎትቶ አዞረው። መሪው ተጣሟል፤ ቀኝ ጎኑ ከፊት እስከ ኋላ ተፍቋል።

«ጋሼ፣ የነዳው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር እንዴ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ሰውየው የኋላው መቀመጫ መያዣ ላይ የተጠቀለለውን አበባማ ሻሽ በግራ እጁ ይፈታ ጀመር። ቋጠሮው እምቢ ሲለው ቀኝ እጁም ከኪሱ ወጣ፤ የቀሩት ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው።

«ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ብረቱ ይቀዘቅዘኛል ትል ነበር» አለ፤ «ይሄን ብቻ ልውሰደው።»

መካኒኩ ሊፈታለት እጁን ዘረጋ። በግራሶ የጠቆረ የራሱን እጅ ሲያይ ግን፣ ሰብስቦ ኪሱ ውስጥ ከተተው።