ወንድሜ ያልጠጣው ውሃ

ሰሞኑን የቅስቀሳ መኪና በሰፈራችን ሲያልፍ ልጄ፣ «እማዬ፣ የከተማችን ሰው ዛሬ የመረጠውን ነገ ለምን ይተዋል?» አለችኝ። «ሙቀቱ ነው» ብዬ ቀለድኩባት። ስለ ምርጫ ማውራት ይደክመኛል።

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ሳለ ታላቅ ወንድሜ ኡጁሉ ለፓርላማ ተወዳደረ። አስተማሪ ነበር፤ የከተማው ልጅ ግማሹ ፊደል የቆጠረው በእሱ እጅ ነው። «የቧንቧ ውሃ ደጃችሁ አመጣለሁ» አለ። እኛ ሴቶች በዚያ በሚያነድ ፀሐይ ከባሮ ወንዝ ጀሪካን ተሸክመን የምንወጣ ነንና እልል ብለን መረጥነው።

አዲስ አበባ ገባ፤ ቧንቧው ግን አልመጣም። እውነቱን ለመናገር በዚህ ብዙም የተቆጣ ሰው አልነበረም። «ምን ያድርግ፣ ብቻውን ነው» ይሉለት ነበር።

ሁለተኛው ምርጫ ሲቃረብ፣ ማንጎ በየደጁ በሚረግፍበት ወቅት፣ ኡጁሉ መጣ። በዚያው ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን አርፈው ለቅሶ ቤት ሄድን። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ዓሣና የበቆሎ ገንፎ ቀረበልን። እኔ በቅል ውሃ ቀድቼ ለወንድሜ ሰጠሁት። ቅሉን ቀስ አድርጎ መለሰልኝና ከቦርሳው የታሸገ ውሃ አውጥቶ ጠጣ። በባሮ ውሃ ያደገ ሰው! አንዲት አሮጊት ብቻ፣ «እኛ እንግዲህ መርዝ ነው የምንጠጣው» አሉ። በማግስቱ ገበያው ሁሉ ይህንኑ ያወራ ነበር።

እኔማ ውስጤ በገነ። የመለሰው እኮ የእኔን እጅ ነው! በምርጫው ቀን ለሌላው ተወዳዳሪ ምልክት አደረግኩ። ኡጁሉ ተሸነፈ።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ሆዴን ታምሜ ሐኪም የወንዝ ውሃ ከልክሎኝ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ሰው ሞቶ እየተለቀሰ ስለ ራሴ ሆድ ላውራ?» ካለ በኋላ ትክ ብሎ አየኝ። «አንቺ እንኳ አልከዳሽኝም።»

«እንዴት አድርጌ!» አልኩት።

ካረፈ ቆየ። በቀብሩ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ «ከተማው ሲተወው ያልተወችው እህቱ ይህች ናት፤ ዘወትር ይነግረን ነበር» ሲሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ሐዘን መሰላቸው። በቧንቧው ምክንያት ትቼው ቢሆን ኖሮ ቆሜ እናገር ነበር፤ እሱስ ምክንያት ነው። እኔ ግን ወንድሜን የጣልኩት ለምን ብዬ ባልጠየቅኩት ነገር ነው።

ትናንት ልጄ የመጀመሪያ የምርጫ ካርዷን ይዛ መጣች። «አጎቴን እንዳልከዳሽው፣ እኔም የያዝኩትን አልለቅም» አለችኝ።

«ተባረኪ» አልኳት።