ከአሰላው የዓሣ ገንዳ ሥር

ባለፈው ሳምንት አዳማ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ፊት ለፊቴ የዓሣ ገንዳ አለ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ባለሙያ ተንበርክኮ ከገንዳው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ሲነካካ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ጠጋ ብላ «ወንድሜ፣ ይቺ ቱቦ ከትናንት ጀምሮ ታንጠባጥባለች» አለችው። ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። «አንቺ መጥረጊያሽን ያዢ» አላት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሄደች። የእኔ ጆሮ ግን ጋለ። ሐኪሙ ሲጠራኝ ጥርሴን ነክሼ ስለነበር አፌን ለመክፈት ተቸገርኩ።

እንዲህ ያለውን ንግግር ከሃያ ዓመት በፊት አሰላ ላይ ሰምቼዋለሁ። ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ከተማዋን የወደድኳት በገበያዋ ነው። ገብሱ በየዓይነቱ፣ ቅቤው በቅጠል ተጠቅልሎ፣ አማርኛና ኦሮምኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀላቅሎ። ብርዷን ግን አልለመድኩትም። ጥቅምት ሲገባ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጠመኔ እንኳን በወጉ አያስይዝም ነበር።

ሐጂ አማን ጅዳ ብዙ ዓመት ኖረው የተመለሱ ነጋዴ ነበሩ። ዋናው መንገድ ላይ ሆቴል ሲከፍቱ እንግዳ መቀበያው ውስጥ የባሕር ዓሣ ገንዳ አሠሩ። ከጅቡቲ በመኪና የመጡ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች፣ ኮራል የሚባሉ፣ ድንጋይ መስለው እንደ አበባ የሚከፈቱ ፍጥረታት ነበሩበት። ከጎበሳና ከዲክሲስ ለገበያ የመጣ ሰው ጎራ ብሎ ሳያያቸው አይመለስም። የሐጂ ልጅ ተማሪዬ ነበረችና፣ «ቲቸር፣ ውኃውን በየሳምንቱ ለክተሽ ደህና መሆኑን ንገሪኝ» አሉኝ። በየሐሙሱ ከትምህርት በኋላ እሄዳለሁ፤ ስጨርስ የባለቤታቸው ጭኮ ይቀርብልኛል። በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት ነው። እሱን በልቼ ስወጣ ብርዱን እንደ ጎረቤት ሰላም ብዬው አልፋለሁ።

ገንዳውን በየቀኑ የሚንከባከቡት የሆቴሉ ቧንቧ ሠራተኛ ጋሽ ገመቹ ነበሩ። የኦጎልቾ ሰው ናቸው፤ አርባን የተሻገሩ፣ ዝምተኛ፣ ልጅነታቸውን ዝዋይ ሐይቅ ዳር ዓሣ በማጥመድ ያሳለፉ። ሰው በሌለበት ዓሦቹን በኦሮምኛ ያነጋግሯቸው ነበር።

አንድ ሐሙስ ገና ከበሩ ሳልዘልቅ ጠሩኝ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እነዚህ ዓሦች በርዷቸዋል። ምግብም እንቢ ብለዋል።»

«ስክሪኑ እኮ ሃያ ስድስት ዲግሪ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«ስክሪኑን ተዪው። እጅሽን ክተቺ።»

ከተትኩ። ቀዘቀዘኝ። ከትምህርት ቤት ያመጣሁት ቴርሞሜትር ሃያ እንኳን አልሞላም።

ከገንዳው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፈትን። እዚያ ሌላ ትንሽ ገንዳ አለ፤ ከላይ የሚወርደው ውኃ እዚያ ተጣርቶና ሞቆ በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። ሥራውን የሠራው ኢንጂነር ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ረስቼው አይደለም። ይህ ሰው ሁሉንም ነገር ውኃው በማይንቀሳቀስበት አንድ ጥግ አጭቆታል። ማሞቂያው እዚያ፤ ኮራሎቹ የሚያድጉበትን የኖራ ውኃ የምታንጠባጥበው ቀጭን ቱቦ እዚያ፤ የውኃውን ሙቀትና አሲድነት የሚለኩት ዘንጎችም እዚያው፣ ከቱቦዋ አፍ ሥር። ዘንጎቹ የሚለኩት ገንዳውን ሳይሆን ያችን ጥግ ነበር። ጥጓ ስትሞቅ ባለ ስክሪኑ መቆጣጠሪያ ማሽን በቃ ብሎ ማሞቂያውን ያጠፋል። ሁለት ጠብታ ኖራ ሲደርሰው አሲዱ ቀነሰ፣ በቃ ብሎ ቱቦዋን ይዘጋል። ላይ ያሉት ይበርዳቸዋል፣ ይራባሉ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ያማረ ነው። ለጋሽ ገመቹ «ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ጠይቆ፣ ከተማው ሞቋል እንደማለት ነው» ብላቸው ሳቁ።

እኔ ቦታውን አሳየሁ፣ እሳቸው አዛወሩ። መለኪያዎቹን ውኃው ከላይ እየተምዘገዘገ በሚገባበት ክፍል አሰርናቸው፤ ማሞቂያውንና ቱቦዋን ደግሞ ማዶ፣ ፓምፑ ከሚስብበት አጠገብ። ወዲያው ስክሪኑ ወደ ሃያ ወረደ፣ ቀይ መብራት በራ፣ ማሽኑ ጮኸ። እውነት መናገር በጀመረበት ቀን ጮኸ! ገንዳው ግን ቀስ እያለ ሞቀ። በሳምንቱ ቢጫዎቹ ዓሦች መብላት ጀመሩ፤ ተጨማድዶ የነበረው ኮራልም ተከፈተ። ጋሽ ገመቹ እንግዶች ፊት ቆመው አጨበጨቡ። እኔ ልኬቱን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ለካ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ጩኸቱን ስትሰማ ለኢንጂነሩ ደውላለት ነበር። ኮራሉ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መጣ። ቁም ሣጥኑን ከፈተ፣ አየ፣ ሐጂን አስጠራ፤ እኔም ዓሦቹን ላይ ጎራ ብዬ እዚያው ነበርኩ።

«ይህን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ገመቹ።

ያሳየኋቸው እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው «ልኬቱ እኮ…» የሚል ብቻ ነው።

«አንቺ ጥቁር ሰሌዳሽን ጠብቂ» አለኝ። ከዚያ ወደ ሐጂ ዞሮ፣ «ቧንቧ ሠራተኛና አስተማሪ በማይገባቸው ዕቃ የሚጫወቱ ከሆነ እኔ ኃላፊነት አልወስድም» አለ። ዘንጎቹንም፣ ማሞቂያውንም፣ ቱቦዋንም ወደዚያች ጥግ መለሳቸው። ስክሪኑ ሃያ ስድስት አለ። ሐጂም ቁጥሩን አይተው ተረጋጉ።

ለምን ዝም አልኩ? ሐጂ የትምህርት ቤታችን የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ለሁለተኛ ዲግሪ ያስገባሁት ማመልከቻ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ድጋፍ ይፈልግ ነበር። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

ኅዳር ላይ ውርጭ ጣለ። የገብሱ ማሳ ጠዋት ጠዋት ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ሐሙስ ሆቴሉ ስደርስ ጋሽ ገመቹ የሞቱ ዓሦች በባልዲ ይዘው ጓሮ ቆመዋል። ሰማያዊዎቹ ቀለማቸው ጠፍቶ አመድ መስለዋል። ኢንጂነሩ በስልክ «ያኔ ሲነካኩት ነው የተበላሸው፤ ጉዳቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው» አለ። ሐጂ አመኑት። ጋሽ ገመቹ በዚያው ቀን ተባረሩ። የመፍቻ ሣጥናቸውን ተሸክመው ሲወጡ በሩ ላይ ተገናኘን። ቆም ብለው አዩኝ፤ የሆነ ነገር እንድል ጠበቁ። «አይዞዎት፣ ጋሼ» አልኳቸው። አይዞዎት! ያች ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ማመልከቻዬ ተሳካ፤ አሰላን ለቀቅኩ። ኢንጂነሩን ግን የትም ሄጄ አልተውኩትም። ልብስ ሳጥብ እሰድበው ነበር። የፈተና ወረቀት ሳርም፣ መኪና ውስጥ በመስኮት ሳይ፣ ያኔ ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን መልስ እያሳመርኩ ስሰድበው ኖርኩ።

ከጥርስ ክሊኒኩ በተመለስኩ ማግስት ለሐጂ ልጅ ደወልኩላት። ጋሽ ገመቹ ኦጎልቾ እንደሚኖሩ ነግራኝ ቁጥራቸውን ሰጠችኝ። ድምፃቸው አርጅቷል።

«ጋሼ፣ ቲቸር ነኝ። የአሰላዋ።»

«ኢንታላ ኮ! አለሽ እንዴ?»

ሰላምታው ካለቀ በኋላ ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። ያኔ ዝም በማለቴ ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ፣ ዓሦቹን የገደለው ያ ሰውዬ እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ። «ይህን እርስዎም ያውቁታል» ብዬ ጨመርኩ።

«እኔ አላውቅም» አሉ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። «እንዴት አያውቁም፣ ጋሼ? ያኔ ነግሬዎት የለም ወይ?»

«ነግረሽኛል፤ አምኜሽም ነበር። በኋላ እሱ እናንተ ናችሁ የገደላችኋቸው ሲል አንቺ ዝም አልሽ። የተማርሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ዝም ካልሽ እሱ ልክ ነው ማለት ነው ብዬ ነዋ! ከዚያ ወዲህ የሰው ውኃ ነክቼ አላውቅም። መፍቻዎቼን ለሰው ሰጠሁ። ሰፈራችን የመስኖ ፓምፕ ሲመጣ ሥራ ብለው ጠሩኝ፤ እጄ ያበላሻል ብዬ እንቢ አልኩ።»

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዓመት ስቆጣ የተበደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ሰውዬው የሰደበኝን ሳስታምም፣ እኚህ ሰው ባልሠሩት ጥፋት ሙያቸውን ትተው በቆሎ ሲዘሩ ኖረዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸው ነበር፤ እሱም እኔ ጋ ነበር። ልክ እንደነበርን እየደጋገምኩ ስነግራቸው አቋረጡኝ።

«በስልክ አይደለም! ልጆቼ አባታቸው የሰው ንብረት አጥፍቶ እንደተባረረ ነው የሚያውቁት። መጥተሽ እነሱ ፊት ተናገሪው።»

ሲቆጡ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ስልኩን ዘጉት።

ቅዳሜ ኦጎልቾ እሄዳለሁ። እንዲያዝኑልኝም፣ ይቅር እንዲሉኝም አልጠብቅም። ይቆጡ። የእኔ ቁጣ ሃያ ዓመት ሙሉ የማይሰማኝን ሰው ሲያሳድድ ኖረ። የእሳቸው ግን የሚገባው ሰው ጋ ሊደርስ ነው።