ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተዘጋው አዳራሽ

እኔ መቼም አንድ ቦታ አልቀመጥም፤ እናቴ "እግርሽ ላይ ጎማ ተክለውብሻል እንዴ?" ትለኝ ነበር። ቡታጅራ ማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ አዘጋጅ ሆኜ ስቀጠር ግን ሥራዬ ቁጭ ብሎ ስልክ መነካካት ሆነ። ድሮ ሕዝብ ለውይይት ሲጠራ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ተጭኖ ሰፈር ለሰፈር ይዞር ነበር። አለቃዬ "ዘመኑ የዲጂታል ነው፤ ቴሌግራም ላይ ልቀቂውና አርፈሽ ተቀመጪ" አሉኝ።

ውይይቱ ስለ መንገድ ማስፋፊያ ነበር። መንገዱ ወደ ግራ ይስፋ ወይስ ወደ ቀኝ፣ ሕዝቡ ተነጋግሮ ሊወሰን ነው። በግራ በኩል የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ሲሰፉልኝ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ፤ ሱቃቸው ከመንገዱ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። ወደ ግራ ከሰፋ ሱቁ የለም።

"ልጄ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ አሳውቂኝ፤ የምናገረው አለኝ" አሉኝ።

"ለልጅዎ በስልኳ ይደርሳታል፣ አባባ" አልኳቸው። እሳቸው የያዙት የቁልፍ ስልክ ነው፤ ቴሌግራም ያላት ትልቋ ልጃቸው ናት።

ቀጠሮውን የያዙት ከአዲስ አበባ የሚመጡት መሐንዲሶች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ "ረቡዕ ጠዋት 9:00" ብለው ላኩ። እየተቻኮልኩ ወደ አማርኛ መለስኩት። ሁሉን መለስኩ፣ ሰዓቱን ብቻ እንዳለ ተውኩት፤ "ጠዋት" የምትለዋም ከመሀል ወደቀች። የፈረንጅ ዘጠኝ የኛ ሦስት ሰዓት መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? እኔ ግን "ረቡዕ በ9:00 ሰዓት" ብዬ ለቀቅኩት።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመጡት በአብዛኛው አለቆቼ በስልክ የጠሯቸው፣ በቀኝ በኩል ያሉ ነጋዴዎች ነበሩ። ከግራ በኩል ማንም የለም። ንቀውን ነው ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ "ከግራ በኩል የቀረበ ተቃውሞ የለም" ብዬ ጻፍኩ። መንገዱ ወደ ግራ እንዲሰፋ ተወሰነ፤ ተፈረመ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ መቀመጥ አቅቶኝ ወደ ግቢው ወጣሁ። ሽማግሌው የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግደው፣ የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው፣ የተቆለፈው አዳራሽ በር ላይ ቆመዋል። ዘበኛው "ጠዋት አለቀ፤ አርፍደዋል" ይላቸዋል። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የጻፍኩትን 9:00 የግራ በኩል ሰው ሁሉ የኛ ዘጠኝ ብሎ አንብቦታል።

ሮጬ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ስህተቱ የኔ ነው፣ እንደገና ይጠራ አልኩ።

"ማህተም ተመትቶበታል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ደግሞ ማን ከሰሰሽ?" አሉኝ።

ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ኮሪደሩን ስመላለስበት ቆየሁ። ስልኬን አወጣሁና ማስታወቂያውን ከፈትኩ። ጣቴ ቀደመኝ፤ 9ን አጥፍቼ "ጠዋት 3" አደረግኩት። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ፣ በማግስቱ እውነቱን ልነግራቸው ሱቃቸው ሄድኩ። በሩ ላይ የሚፈርስ ቤት ምልክት፣ ቀይ ቀለም፣ ተቀብቷል። ትልቋ ልጃቸው ስልኳን ይዛ ጥግ ላይ አቀርቅራለች፤ ዓይኗ አብጧል። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

"ይቺ ልጅ ናት አሳስታ ያነበበችልኝ። ዘጠኝ ነው ብላ ምላ ተገዝታ፣ ዛሬ ብታየው ጠዋት ሦስት ይላል። አንቺንም እዚህ ድረስ አንከራተትንሽ፤ አውፍ በይን፣ ይቅር በይን።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

"ምንም አይደል፣ አባባ" አልኳቸው።