ከፀሐይ ማዶ ያልወጣው ኮከብ

አባቴ የዓይን ግፊት እንዳለበት ያወቅነው ዘግይተን ነው። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ብቻ እንደሆነ ነገረን። ያኔ አባቴ በሸንበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ጭንቅላቱን እያዞረ ይፈልገን ነበር። እኔ ጠዋትና ማታ ጠብታ ከመጨመር በቀር የማደርግለት ነገር አልነበረኝም። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ደግሞ አልወድም፤ ያንገበግበኛል።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ ስለ አንድ ጅራታም ኮከብ አነበብኩ። ወደ ፀሐይ እየተጠጋ ነው፤ ዞሮ ከወጣ ምሽት ላይ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች በዓይን ይታያል ይላል። “ከወጣ” የምትለዋን ቃል አላስተዋልኳትም። ደስ ያለው ሰው ምኑን ያስተውላል? እየሮጥኩ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት።

አባቴ በወጣትነቱ፣ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ፣ አንድ ጅራታም ኮከብ አይቷል። ሰው ሁሉ ጦርነት ሊመጣ ነው፣ ንጉሥ ሊሞት ነው ሲል እሱ በዚያው ሰሞን እናቴን አገኘ። ስለዚህ ጅራታም ኮከብን ክፉ ነው ቢሉት አይሰማም። እናቴ ካረፈች ወዲህማ ብሶበታል። ወሬውን ስነግረው ከተኛበት ተነስቶ ተቀመጠ። “ዓይኔ ሳይዘጋ አንዴ ልየው እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ የፈለገው ይሁን” አለኝ።

ታላቅ እህቴ “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” እያለች አሾፈችብን። እሱ ግን ይቆጠቁጠኛል እያለ ሲነጫነጭበት የነበረውን ጠብታ በሰዓቱ ራሱ ይጠይቀኝ ጀመር። ወሬውን መንደሩ ሁሉ ሰማው። ጎረቤታችንም ጠዋት ጠዋት “አካም ቡልተ” ብላ ሰላም ካለችው በኋላ ኮከቡስ የት ደረሰ ማለትን ልማድ አደረገች።

የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ ልብስ ስፌት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን እከፍታለሁ። ፀሐይን የምትከታተል መንኮራኩር የምትልከው ምስል አለ፤ ብርሃኑ እንዳያስቸግር ፀሐይዋን በጥቁር ክብ ይከልሏታል። ኮከቡ ነጭ ሆኖ፣ ጅራቱን እየጎተተ፣ ወደ ክቡ ሲጠጋ አየሁት። “ተው፣ ራቅ በል” አልኩት ሳላስበው። አጠገቤ የምትበላው ልጅ ከማን ጋር እንደምጣላ ግራ ገባት። እየሳሳ ሄዶ ክቡ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ባይ፣ ከወዲያ ማዶ የወጣ ነገር የለም። ለካ በረዶና አቧራ ነው፤ ፀሐይ አጠገብ ሲደርስ ተበታትኖ አልቋል። እንዲህ የሚያልቁ ብዙ ናቸው ይላል ጽሑፉ፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር። ምናለ ትንሽ ራቅ ብሎ ቢያልፍ? ሰማይ ላይ ቦታ ጠፍቶ ነው? ንድድ አልኩ፤ ግን በማን ይፈረዳል?

ለአባቴ መንገር አቃተኝ። ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ እገባለሁ፤ ገና ከበር ስንት ቀን ቀረው ይለኛል። እህቴን አንቺ ንገሪው ብላት፣ እኔ አላመጣሁት አለችኝ። እውነቷን ነው።

ይታያል የተባለበት ቀን ደረሰ። ሁልጊዜ ቤት ስደርስ መሽቶ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ሳይጨልም ልንገረው ብዬ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። አባቴ ጃኬቱን ለብሶ፣ ግቢው ውስጥ ፊቱን ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ወደ ሞጆ በኩል አዙሮ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ንፋሱ አቧራውን ያነሳዋል። ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊታችን ቦግ ብላለች፤ እኔ ዓይኔን በእጄ ከልዬ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

“መጣሽ? ጨለመ አይደል?” አለኝ። “እስቲ አሳዪኝ፣ በየት በኩል ነው?”

የሚቀልድ መሰለኝ። ዓይኑን አየሁት። ፀሐይዋን ትክ ብሎ ያያል፤ አይጨፍን፣ አያርገበግብ። ክው ብዬ ቀረሁ። እሱ ጉንጩን በመዳፉ ዳሰሰ።

“ይሞቃል” አለ ቀስ ብሎ። “ፀሐይ ናት?”

“ናት፣ አባዬ።”

ለካ ዓይኑ ጨርሶ ከጠፋ ሰንብቷል። አንድ ጠዋት ሲነሳ የቀረችውም ብርሃን የለችም። ኮከቡን ላሳየው ስባዝን እየሰማ፣ ልብሽን መስበር አቃተኝ አለኝ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን ጠብታዬን ሳንጠባጥብ፣ ዝም ብሎ አንገቱን ቀና ያደርግልኝ ነበር። ማልቀሴን እንዳይሰማ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ፀሐይዋ ጠለቀች። ሰማዩ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ምንም የለበትም።

“በይ አንቺ እይልኝና ንገሪኝ” አለ። “ወጣ?”

“ወጣ” አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

“ጅራቱ ወዴት ነው?”

“ወደ ላይ።”

አገጩን ወደ ላይ አነሳ፤ ብርድ ነው፣ እንግባ ብለውም እምቢ አለኝ።