ሴቴዋ እንዳሁላ

ባለፈው ቅዳሜ ከሜክሲኮ በእግሬ ስመለስ፣ ከኮንዶሚኒየማችን በታች ካለው የድንጋይ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ እንዳሁላ በቅሎ አየሁ። ወፍራም ቅጠሉን በጥፍሬ ስቆነጥረው ያ ጥሬ ሽታው ወጣና፣ ትልቅ ሴትዮ መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። የጥበቃ ሠራተኛው "ምን ሆነሽ ነው እህቴ?" ሲለኝ ዓይኔ ውስጥ ነገር ገባ ብዬው አለፍኩ።

እዚሁ ልደታ፣ ሰፈሩ የጭቃ ቤት በነበረበት ጊዜ፣ የእኛን ግቢ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘሃራ ግቢ የሚለየው የድንጋይ ካብ ክረምቱ ሲወጣ ሁለት ዓይነት እንዳሁላ ያብብበት ነበር፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ። አበባው ከሌለ ለማያውቅ ሰው መንታ ናቸው። እኔና የእትዬ ዘሃራ ልጅ ራሂማ ግን ዓይናችንን ጨፍነን በጉንጫችን እንለያቸው ነበር፤ የነጩ ቅጠል ልሙጥ ነው፣ የቢጫው ደግሞ ደቃቅ ፀጉር አለው፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። የተጣላነው በስማቸው ነው። የሰፈር ሰው የሚመሳሰሉ ተክሎችን ሲያይ አንዱን ወንዴ ሌላውን ሴቴ ይላልና፣ እኛም መለየት ነበረብን። ራሂማ ልሙጧ ሴቴ ናት፣ ፀጉራሙማ ጢም ያወጣ ወንድ ነው አለች። እኔ ደግሞ ፀጉር የሴት ጌጥ አይደለም ወይ ብዬ ድርቅ አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈን ትምህርት ቤት ለየብቻችን ሄድን፤ ስንታረቅም ማናችንም አልተረታንም።

በዚያ ኩርፊያችን ጊዜ ራሂማ ከካቡ አንዷን ነቅላ በራቸው ሥር ተከለች። ሌላው ዓይነት ደግሞ ራሱን ዘርቶ አጠገቧ በቀለ። የትኛዋን እንደተከለች አላየሁም፣ ጠይቄያትም አላውቅም።

ስድስተኛ ክፍል ሳለን ራሂማ ታመመችና ወር ሳይሞላት ሞተችብን። እትዬ ዘሃራ ከዚያ በኋላ በራቸው ሥር ያለውን ሳያጠጡ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም።

ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ወሩ ሰኔ ስለነበር አንዱም አላበበም። እትዬ ዘሃራ ዕቃው ተጭኖ ሹፌሩ እየጮኸባቸው፣ ከመኪናው ሆነው "የልጄን፣ ሴቴዋን ንቀይልኝ" አሉኝ። እኔም ሮጬ፣ ሳላመነታ፣ ፀጉራሟን ከነሥሯ ነቅዬ በወተት ጣሳ ሰጠኋቸው። ጣሳውን ሳሙት። በሦስተኛው ቀን ዶዘሩ በራቸውንም ካቡንም ከመሬት አስተካክሎት ሄደ።

ጥቅምት ላይ ከእናቴ ጋር አዲሱን ቤታቸውን ልናይ ስንሄድ፣ በረንዳቸው ላይ ቢጫ አበባ ጠበቀኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ እናትየዋ ሴቴ ያሉት እንደ ልጃቸው፣ ልሙጧን ነጯን ነው፣ እኔ ግን የሰማሁት እንደ ራሴ። ጣሳው አጠገብ ቁጭ አልኩ።

"አየሽ፣ እዚህ ስትመጣ ነጭነቷን ለወጠች" አሉኝ ትከሻዬን ይዘው። "አፈሩ ነው መሰለኝ። አብሽሪ፣ ያው የራሂማ ናት።"

"አፈሩ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ አበበች ብለው ይደውሉልኝ ነበር፤ እኔም ሄጄ አደንቅ ነበር። አውቀው ይሁን ሳያውቁ ዛሬም አልገባኝም፤ አምና እሳቸውም አረፉ። ያን ሁሉ ዓመት ያጠጡት ማንም ያልተከለውን ነበር፤ ልጃቸው በእጇ የተከለቻትን ለዶዘር ትቼ የመጣሁት እኔ ነኝ።