ማጥፊያዋ ፈለቀች እና የገናው መብራት

ጭሮ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ፈለቀችን በስሟ የምትጠራት ተከራይዋ ኢንሳፍ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ፣ እሷ በሌለችበት፣ «ማጥፊያ» ይላታል። አምፖል በርቶ ካየች ታጠፋለች፤ ሬዲዮ ሲያወራ ካገኘች ታጠፋለች፤ ሰው ሲስቅ ከሰማች ደግሞ አንድ ነገር ጣል አድርጋ ሳቁን ታጠፋለች። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ጢሙን የሚላጨው በዳበሳ ነበር ይባላል። ሰፈሩ ያወጣላትን ቅጽል ስም እሷ አታውቀውም።

ልጇ ነቢዩ በሂርና መስመር ሚኒባስ ይነዳል። ለገና ከዚያው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ገዝቶ መጣ። ከፊሉን የገናው ጥድ ላይ ጠመጠመ፤ የቀረውን ቀጣጥሎ ከማዳበሪያ ጆንያ በተሠራው ኮርኒስ ላይ በሚስማር ቸነከረው። ሶኬቱን ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ካሉበት ማከፋፈያ ላይ ሰካ። ፊውዙ ተቃጠለ፤ ቀየረው፤ እንደገና ተቃጠለ። ተናደደና በፊውዙ ቦታ የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ አስገባ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ከፈለቀች በቀር የሚያጠፋ ነገር አልቀረም።

ገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ነቢዩና ሚስቱ ሚካል ሕፃኗን ይዘው ወደ ሚካል ወላጆች ሊሄዱ ተነሡ። መብራቱ በጠራራ ፀሐይ በርቷል፤ አላፊ አግዳሚው እንዲያይም መስኮቱ ተከፍቷል።

«ስትወጡ ንቀሉት» አለች ፈለቀች።

«እማዬ፣ በዓል ነው እኮ! ለዛሬ እንኳ ተይን።»

«ሶኬቱ ይፋጃል። ና ንካው።»

«አንቺን ምን የማይፋጅሽ አለ?»

ሚካል ነጠላዋን እያስተካከለች ሳቀች። «ሰፈሩ ማጥፊያ የሚልዎት ለካ ወዶ አይደለም።»

ፈለቀች ልጇን አየችው። ነቢዩ ዓይኑን ሰበረ። ስሙ ለእሱ አዲስ አልነበረም።

«ይብራ» አለች። «እስኪ ይብራላችሁ!»

ሄዱ። ፈለቀች ከመብራቱ ፊት ለፊት እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሰው እውነቱን ተናግሮ ሲናቅ፣ እውነቱ እንዲታይለት ጥፋት መመኘት ይጀምራል፤ ምኞቱን ግን ለራሱም አይነግረውም። የላስቲክ ሽታ መጣ። አልተነሣችም። ጆንያው በአንዱ ሚስማር ዙሪያ ተጨማደደ፣ ጠቆረ። «ይዩታ» አለች በልቧ። ድንገት የቀለጠ ጠብታ ከኮርኒሱ ወርዶ ከሥሩ ባለው አልጋ፣ የሕፃኗ ትራስ ላይ ጠብ አለ።

ያኔ ዘላ ተነሣች። እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ማከፋፈያውን ከግድግዳው መነጨቀችው፤ የሚጨሰውን ጆንያ በመጥረጊያ ደብድባ አጠፋችው።

ኢንሳፍ ከበሩ ውጭ ሆና «ያ አላህ! እማማ ፈለቀች፣ ምን ተፈጠረ?» ብላ ተጣራች።

«ምን አገባሽ? ሂጂልኝ!» ምስክር ልትሆናት የምትችለውን አንዷን ሰው ከደጅ መለሰቻት።

ሊመሻሽ ሲል ተመለሱ። ነቢዩ ኮርኒሱ ላይ መዳፍ የሚያህለውን ቀዳዳ አየ።

«ምን አድርገሽ ነው?»

«እኔ? ሶኬቱን ንካው!»

ነካው። «ቀዝቃዛ ነው።»

«በሻማ ነው ያቃጠሉት» አለች ሚካል። «ያልኳቸውን ሊበቀሉ።»

ፈለቀች አፏን ከፈተች። ሽታው እንደመጣ ነቀልኩት እንዳትል፣ አልነቀለችውም። መልሳ ዘጋችው።

ነቢዩ በእልህ ማከፋፈያውን መልሶ ሰካ። የኮርኒሱ መብራት ሞቷል፤ የጥዱ ግን ብልጭ ድርግም አለ። «ይኸው!» ብሎ እናቱ ላይ አፈጠጠና ሚኒባሱን ሊያስገባ ወጣ።

ሚካል ሕፃኗን ልታስተኛ አልጋው ላይ ስታጎነብስ፣ ትራሱ ላይ የደረቀው ጥቁር ጠብታ እጇን ቧጠጣት። በጥፍሯ ፋቀችው፤ አልለቀቀም። ቀና ብላ ቀዳዳውን አየች፤ ከዚያ ትራሱን። አማቷን ግን አላየችም። ሄዳ ሶኬቱን ነቀለች።

«ማጥፊያ!» አለቻት ፈለቀች ከወንበሯ ሳትነሣ።

ሚካል ሕፃኗን ታቅፋ ጓዳ ገባችና በሩን ከኋላዋ በኃይል ወረወረችው። ቤቱ ጨለመ። አምፖሉን ላብራ ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም።