የአበራ መዶሻ ቀኝ እግር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ወርቁ በረዶ የሞላ ባልዲ አሸክመው ሜዳ ዳር አቆሙኝ። የክለቡ ዋና ወጌሻ ናቸው፤ እኔ ረዳታቸው። በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ተከላካያችን ወደቀ። እኔ ችኩሉ ከሳቸው ቀድሜ ሮጥኩና ከነባልዲዬ አጠገቡ ተንበርክኬ «የቱ እግርህ ነው? ግራው ነው ቀኙ?» ብዬ ጮህኩ። ተጋጣሚዎቻችን ከበውን ቆመው ይሰማሉ።

ዕረፍት ላይ ጋሽ ወርቁ ጆሮዬን ሊቆርጡት ምንም አልቀራቸውም። «ለምን በሬድዮ አታስነግረውም?» አሉኝ። «ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ያንን እግር ካልረገጡበት ምን አለ በለኝ!» እንዳሉትም ረገጡበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕጉን ያዝኩ። የታመመ እግር ለአሰልጣኙ ብቻ ይነገራል፤ የሚታሰረውም በር ተዘግቶ ነው። ካልሲ ሳይለበስ ማንም አይገባም፤ የክለቡ ፕሬዚዳንትም ቢሆን።

ጋሽ ወርቁ ጡረታ ሲወጡ ዋናው ወጌሻ እኔ ሆንኩ። አበራ ወደ ክለባችን የመጣው ያኔ ነው። የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነው። ኳስ ሲመታ በረኛው እጁን ሳይሆን ዓይኑን ነበር የሚሸፍነው፤ «መዶሻ» ያሉትም ለዚህ ነው። ጎል በጎል አደረገን። ሌላው ነገሩ ግን አይወራ! ልምምድ ላይ አርፋጅ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ተከላካይ መርዳት የሚባል ነገር አያውቅም። ለጓደኛው ኳስ ማቀበል ጥርስ እንደ ማስነቀል ይከብደዋል። አሰልጣኙ «አንተ ልጅ፣ ሌሎቹ አሥሩ ለጌጥ ነው የቆሙት?» ሲሉት «እነሱ ያምጡልኝ፣ እኔ አገባለሁ» ይላል። ምን ታደርገዋለህ? ያገባል!

ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ወለም እያለ ያስቸግረው ነበር። በረዶ አደረግኩለት፣ አሸሁት፣ በቅባት አፍታታሁት፤ በሳምንቱ ተመልሶ ያብጣል። መጨረሻ ላይ አንድ ዘዴ አመጣሁ። ከቤት ውስጥ አጎዛ ቁራጭ ቆርጬ መሐሉን በሳሁትና አጥንቱን ከብቦ እንዲቀመጥ አደረግኩት፤ ጠጉሩ ወደ ውስጥ፣ ቆዳው ወደ ውጪ። በላዩ ላይ ፋሻ፣ ከዚያ ካልሲ። እብጠቱን አይጫነውም፣ ግጭትም ያበርድለታል። ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለውም።

አንድ ቀን የተጋጣሚያችን ተከላካይ ሆን ብሎ ያንን እግር ረገጠው። አበራ ቆሞ ቀረ፤ ረጋጩ ራሱ ጉልበቱ ዞሮበት ወደቀ። ካልሲው ወርዶ ፋሻው ከነእብጠቱ ታይቷል። ሰውየው በቃሬዛ ሲወጣ «ክታብ አስሯል! እግሩ ላይ ክታብ አለ!» እያለ ይጮሃል። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ከአትክልት ተራ እስከ ቸርችል ጎዳና ተዳረሰ። የጻፈለት ደብተራ ከየት እንደመጣ ሳይቀር የሚናገር ሞልቶ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

እኔ ንድድ ብሎኝ፣ እውነቱን ያስነግሩ ብዬ አሰልጣኙ ጋ ልሄድ ስል አበራ ያዘኝ። «ጋሼ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ» አለኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ይቺን እግር የሚነካ ወንድ የለም።» እውነቱን ነው፣ የነካትም አልነበረም። ተከላካይ ሁሉ ቀኝ እግሩን እንደ ጋለ ብረት ይሸሻት ጀመር። እሱ ደግሞ ነገር አያውቅም መሰለህ? ጨዋታ ሊጀመር ሲል ጎንበስ ብሎ ቁርጭምጭሚቱን ይስማል። ስታዲየሙ በአንድ ድምፅ «ኧረ በስመ አብ!» ይላል።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው ብዬ ነበር። ሁለታችንም ጡረታ ወጣን፤ ዶሮ ማነቂያም ፈረሰና ሰፈርተኛው በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። ባለፈው ዓመት ክለቡ ቸርችል ጎዳና ላይ አዳራሽ አገኘና የክብር ግድግዳ ይሠራ ተባለ። ለክለቡ ታላቅ ሥራ የሠሩ ሰዎች ፎቶ ይሰቀልበታል። የተበተነው ሰው መጥቶ የኔ የሚለው ነገር ይኑር ነው ሐሳቡ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔንም አንጋፋ ነህ ብለው ጨመሩኝ። ምነው ባልጨመሩኝ!

አበራ ላይ ስንደርስ ሊቀመንበሩ አቶ ምንዳዬ መነጽራቸውን አወለቁ። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን የማይለዩ ጨዋ ሰው ናቸው። «ጎሉን አልካድኩም» አሉ። «ግን በክታብ ያገባን ሰው ከነዚህ ደጋግ ልጆች ጎን መስቀል ይከብደኛል።»

«አቶ ምንዳዬ፣ አጎዛ ነው!» አልኩ። «በዚህ እጄ ቆርጬ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ትንሽ አሰቡና «አጎዛው ውስጥ ምን ተሰፍቶበት ነበር?» አሉኝ።

ወይ ጉድ! እስኪ አሁን ምን ይባላል? ከኮሚቴው ትንሿ ሰላም ናት፤ የክለቡን የቴሌግራም ገጽ የምትይዘው። እሷ እንኳ «ጋሼ፣ ቪዲዮ የለም እንዴ?» አለችኝ። የደጋፊዎች ተወካይ ደግሞ በሌላ በኩል ተቆጣኝ። «ክታቡን እኛ ወደነዋል። ዛሬ መጥተህ አጎዛ ነው ስትል ደስታችንን ምን ልታደርገው ነው?» አንዱ በክታቡ ይጠላዋል፣ አንዱ በክታቡ ይወደዋል። ሰነፍ ነበር፣ ኳስ አያቀብልም፣ ለቡድን አይጨነቅም ብሎ የሚከራከር አንድ ሰው ጠፋ! ያ ቢነሳ እኮ እኔም የምለው ነበረኝ። በመጨረሻ «ራሱ መጥቶ ይናገር» ተባለ።

በማግስቱ አበራ ሁልጊዜ ከሚውልበት የፒያሳ ካፌ ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ጥግ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቷል። ስኳር እንዳለበት አውቃለሁ። ቁስሉን ግን አላየሁም ነበር። ጫማውን አውልቄ አየሁት።

«ከጉልበት በታች ይቆረጣል ብለውኛል፤ ቀጠሮ ይዣለሁ» አለኝ። ከዚያ ከኪሱ አሮጌ ፎቶ አወጣ። ቀኝ እግሩ ወደ ላይ ተወርውራ፣ ካልሲው ወርዶ፣ ፋሻዬ እንኳ ይታያል። «ይቺን ይስቀሉልኝ፣ ጋሼ። እግሬ ሳትሄድ ግድግዳው ላይ ልያት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እንግዲያው ለኮሚቴው ልንገራቸው!» አልኩት።

«በእናትዎ እንዳይሞክሩት! ለጎሌ ካልሆነ ለበሽታዬ አልፈልግም። አዝነው የሚሰጡኝን ምን ላደርገው ነው?»

«እሺ፣ አልናገርም፤ እንግዲያው ክታብ አልነበረም በላቸው። አንዲት ቃል ናት!»

«ያ ወሬ እግሬን ስንት ዘመን ጠበቃት» አለ። «ዛሬ በመጨረሻዋ ልካደው?»

ግትር! ድሮም ግትር ነው። እየረገምኩት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለስብሰባው ከዘራ ይዞ፣ ሱሪውን አስተኩሶ መጣ። አቶ ምንዳዬ በጨዋ ደንብ አስቀመጡትና «አቶ አበራ፣ ያ ነገር ክታብ ነበር ወይስ አልነበረም?» አሉት። እኔ በሆዴ «አልነበረም በል፣ አልነበረም በል» እላለሁ።

«ክታብ ጎል የሚያገባ ቢሆን ደብተራው ራሱ አይሰለፍም ነበር?» አለ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ምንዳዬ ብቻ አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም፤ ላንቀው ነበር የፈለግኩት። ቢሆንም በድምፅ ብልጫ አለፈ። ፎቶውን ለሰላም በእጄ ሰጠኋት። «ደህና አድርገሽ አሳትሚ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። ያን ምሽት ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

የምርቃቱ ዕለት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከየኮንዶሚኒየሙ መጥተው ይሳሳማሉ፣ ያለቅሳሉ። መጋረጃው ተገለጠ። የሌሎቹ ፎቶ ከነቁመታቸው ነው። የአበራ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው። ፊት አለ፣ ደረት አለ፣ የተዘረጉ እጆች አሉ። እግር የለም።

ሰላምን ፈልጌ ያዝኳት። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ጋሼ፣ ሊቀመንበሩ ናቸው ያዘዙኝ። ፋሻው ከታየ ነገሩ እንደገና ይነሳል፣ ሁለቱም ወገን እንዳይከፋው ከወገብ በላይ ይሁን ብለው ነው።»

አልሸሹም ዞር አሉ! ሰተት ብዬ አቶ ምንዳዬ ጋ ሄድኩ። «ይሄ ሰው በምኑ ነው ያገባው? በአገጩ?» አልኳቸው።

«ኧረ ጋሽ መኮንን፣ ረጋ ይበሉ» አሉኝ። «ዋናው ፊቱ አይደለም እንዴ?» የልባቸውን ነው የሚናገሩት፤ ያስታረቁ ነው የመሰላቸው። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እግሩ ሊቆረጥ ነው ልላቸው አፌን ስከፍት አበራ ከኋላዬ መጥቶ ክንዴን ጭብጥ አደረገው። ቃል አስገብቶኛልና ዋጥኩት።

ከዘራውን ተደግፎ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየው። ሰው እየመጣ እንኳን ደስ አለህ እያለ ትከሻውን ይስመዋል። ለሁሉም አሜን ይላል። ሰዉ ቀለል ሲል ወደኔ ዞረ።

«ሐኪም እንኳ ሲቆርጥ ያስፈርማል፣ ጋሼ» አለኝ።

በሳምንቱ ሆስፒታል ገባ። ፎቶው ዛሬም እንዳለ ነው። ከነእግሩ ይታተም ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ኮሚቴው ሥራውን ጨርሶ ተበትኗል አሉኝ።

ለወጣት ወጌሾች የምነግራችሁ ይህን ነው። ተጫዋቹ ሜዳ ላይ እስካለ ሕመሙን ደብቁለት፤ ሥራችን ነው። ጫማውን በሰቀለ ማግስት ግን ምን እንዳሰራችሁለት ለሰው ሁሉ ተናገሩ። ሲቆይ ማንም አያምናችሁም።